የከረመ በረዶ፣ ውሃና ግግር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የመጽሔቱ አዘጋጅ ኮሚቴ በዚህ ዓመት ንግግር እንዳደርግ ሲጋብዘኝ ስለ መንገድ ሙሌት ወይም ስለ አፈር ግድብ እንደምናገር ሳይጠብቅ አልቀረም። ሙያዬ እርሱ ነውና። የመረጥሁት ርእስ ግን በአገራችን የማይገኝ፣ ከመካከላችንም ብዙዎቻችን በእጃችን ያልነካነው ነገር ነው፤ ይኸውም በዋልታ አገሮችና በታላላቅ ተራሮች አናት ላይ ዓመት ከዓመት እየተደራረበ የሚጠቀጠቀው አሮጌ በረዶ ነው። እኔም ራሴ ግሪንላንድን በዓይኔ አላየሁም። ወደዚህ ነገር የመራኝ አንድ ድልድይ ነው። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በምዕራብ ግሪንላንድ ካንገርሉስዋክ የምትባል አነስተኛ የሰፈራ ቦታ አለች። በአጠገብዋ ዋትሰን የተባለ ወንዝ ያልፋል። ይህ ወንዝ እንደ አዋሽ ወይም እንደ ግቤ ከዝናብና ከምንጭ የሚጠራቀም አይደለም፤ ይበልጡን የሚመግበው ከታላቁ የግሪንላንድ የበረዶ ክዳን በሙቀቱ ወራት እየቀለጠ የሚወርደው ውሃ ነው። ጁላይ 11 ቀን 2012 ወንዙ ድልድዩን ጣሰው። የመዳረሻው ሙሌት ታጥቦ ሲሄድ፣ በስፍራው የነበረ አንድ ከባድ ሎደር በጎርፉ ሲወሰድ የሚያሳየውን ፊልም ከመካከላችሁ የተመለከተው ሰው ይኖር ይሆናል። እኔም እንደ ማንኛውም መሐንዲስ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ድልድዩ ስፋትና ስለ መሠረቱ ጥልቀት ነበር። ኋላ የጉዳዩን ጽሑፎች ሳነብ ግን የነገሩ ሥር ከድልድዩ በላይ፣ ከወንዙም ራስ በላይ፣ ማንም በማይኖርበት ነጭ ሜዳ ላይ መሆኑን ተረዳሁ። በዚያ ሜዳ ላይ ውሃውን ይዞ ያስቀር የነበረ አንድ ጎተራ ሞልቶ ነበር።

ስለዚህ ጎተራ ከመናገሬ በፊት የቃል ችግር ገጥሞኛል። በአማርኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚጠጥረውንም፣ በስሜን ተራራ ራስ ላይ አልፎ አልፎ የሚነጣጠፈውንም «በረዶ» ብለን እናልፋለን። ግእዝ ከእኛ ይልቅ ይጠነቀቃል፤ ሐመዳ፣ በረድ፣ አስሐትያ ብሎ ይለያል። ሐመዳ ወደ አማርኛ «አመዳይ» ሆኖ ገብቷል። ስለዚህ ለዛሬው ንግግር ያህል አዲስ የሚወርደውን እንደ ባዘቶ የሳሳ በረዶ «አመዳይ»፣ አየር የማያሳልፈውን ጠጣር «ግግር» እላለሁ። በሁለቱ መካከል ያለውን ጀርመኖች «ፊርን» ይሉታል፤ ፈረንሳዮች «ኔቬ» ይሉታል። የጀርመንኛው ቃል ትርጉሙ «ያለፈው ዓመት» ወይም «የአምናው» ማለት ነው። ምክንያቱም ፊርን የሚባለው ቢያንስ አንድ የመቅለጫ ወራት አልፎ፣ ሳይጠፋ ለሚቀጥለው ዓመት የደረሰ አመዳይ ስለ ሆነ ነው።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ «ከረመ» የሚለው ግሣችን ትዝ አለኝ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ጊዜ ተሻግሮ የተገኘ ነገር በእኛ ቋንቋ ከርሟል። የግሪንላንድ አመዳይ የሚፈተነውም በእነዚሁ ወራት ነው። እነርሱ በጋ ይሉታል፤ እኛ ክረምት እንለዋለን፤ የተሻገረው ግን በሁለታችንም ዘንድ የከረመ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ «ከራሚ» ብለው ቃሉን እንደ ፈጠርሁት አይቆጠርብኝ፤ ቋንቋው ራሱ አዘጋጅቶ ያስቀመጠው ነው።

ከራሚ ምን እንደ ሆነ ለመሐንዲስ በአንድ ቁጥር መግለጽ ይቻላል፤ እርሱም እፍግታ ነው። ነፋስ ያልነካው አዲስ አመዳይ በሜትር ኩብ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የቀረው ሁሉ አየር ነው። ሲሰነብትና ሲረጋ 200 እና 300 ይደርሳል። ከራሚ ከ400 እስከ 830 ባለው መካከል ይገኛል። ንጹሕ ግግር 917 ነው። ውሃ ደግሞ እንደምታውቁት 1,000 ነው። እንግዲህ አመዳይ፣ ከራሚ፣ ግግርና ውሃ በባሕርይ አንድ ሲሆኑ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በውስጣቸው ያለው ባዶ ቦታ ስንት ነው? ባዶውስ ቦታ እርስ በርሱ የተገናኘ ነው ወይስ የተዘጋ? የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ለአፈር መሐንዲስ እንግዳ አይደለም።

በዚህ ነገር ላይ መጀመሪያ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ በትዕግሥት የመዘነው ሰው ኤርንስት ሶርገ የተባለ ጀርመናዊ ነው። በ1930 አልፍሬድ ቬገነር የመራው ጉዞ ከግሪንላንድ ምዕራብ ጠረፍ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ስፍራ አይስሚተ የተባለ ጣቢያ አቋቋመ። ትርጉሙ «መካከለ በረዶ» ማለት ነው። ለጣቢያው የታሰበው ቤት በመንገድ ችግር ሳይደርስ ቀረ። ጌኦርጊ፣ ሶርገና ሎዌ የተባሉት ሦስቱ ሰዎች በከራሚው ውስጥ ዋሻ ፈልፍለው ክረምቱን በዚያ አሳለፉ። ከላይ ብርዱ ከዜሮ በታች ከ60 ዲግሪ ያልፍ ነበር። የሎዌ የእግር ጣቶች በውርጭ ሞተው በኪስ ቢላዋ ተቆረጡ። ስንቅ ሊያደርስ የመጣው ቬገነርም ከዚያ ሲመለስ ከጓደኛው ከራስሙስ ቪሉምሰን ጋር በመንገድ ላይ ሕይወቱ አለፈ። ሶርገ በዚህ ሁሉ መካከል ከዋሻው ወለል ወደ ታች 15 ሜትር ያህል እየቆፈረ፣ ከየንብሩ እየቆረጠ ይመዝን ነበር።

ያገኘው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። የሚወርደው አመዳይና ሙቀቱ ከዓመት ዓመት ካልተለወጠ፣ በተወሰነ ጥልቀት ላይ ያለው እፍግታ ምንጊዜም ያው ነው። ንብሮቹ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ እየወረዱም ይጠቀጠቃሉ፤ የእፍግታው መስመር ግን በቦታው ይቆያል። ሰዎቹ እየተተኩ ሰልፉ እንደማይለወጥ ማለት ነው። ኋላ ሌሎች ሊቃውንት ይህን «የሶርገ ሕግ» ብለው ሰየሙት። እኔ ከሕጉ ይልቅ «ካልተለወጠ» በምትለው ቃል ላይ ትኩረት እንድታደርጉ እለምናለሁ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

አመዳይ እንዴት ግግር ይሆናል? መጀመሪያ ላይ ነገሩ ከአሸዋ ጋር ይመሳሰላል። የአመዳይ ክንፎች ይሰበራሉ፣ ይከብባሉ፤ ፍሬዎቹ እየተንሸራተቱ የተሻለ አቀማመጥ ይይዛሉ። ይህ እስከ 550 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ድረስ ይሄዳል። 550 ለ917 ሲካፈል 0.6 ነው፤ ከቦታው ስድስት እጅ ጠጣር፣ አራት እጅ ባዶ ማለት ነው። ክብ ፍሬዎችን በዕቃ ውስጥ እየነቀነቀ የሞላ ሰው ይህን መጠን ያውቀዋል። ከዚህ በላይ ፍሬ በማዛወር ብቻ መጠቅጠቅ አይቻልም። በአሸዋ ቢሆን ሮለሩ እዚህ ላይ ይቆማል። ከራሚ ግን ከአሸዋ የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው፤ ለመቅለጫው ነጥብ እጅግ የቀረበ ጠጣር ነው። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሆነ በረዶ ለእኛ እጅ የሚያቃጥል ብርድ ነው፤ ለበረዶው ግን እንደ ጋለ ብረት ማለት ነው። ስለዚህ ፍሬዎቹ በሚነካኩበት ነጥብ ላይ ይጣበቃሉ፣ አንገት ያወጣሉ፣ ከላይ ባለው ክብደት ቀስ እያሉ ይፈስሳሉ። በዚህ ሁኔታ ባዶው ቦታ እየጠበበ ሄዶ እፍግታው 830 ሲደርስ ከመቶ ዘጠኝ ተኩል ያህል ባዶ ብቻ ይቀራል፤ ይህም ባዶ ከላይ ካለው አየር ጋር የነበረው ግንኙነት ይቋረጣል። አየሩ አረፋ ሆኖ ይታሰራል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ከራሚው ግግር ሆኗል።

ይህ የሚፈጀው ጊዜ እንደ ብርዱና እንደ ዝናቡ መጠን እጅግ የተለያየ ነው። በግሪንላንድ አናት 80 ሜትር ገደማ ጥልቀትና ከ200 ዓመት በላይ ይወስዳል። በአንታርክቲካ ቮስቶክ በተባለው የሩስያ ጣቢያ፣ ብርዱ ስለሚበረታና የሚወርደው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ከ2,000 ዓመት በላይ ይፈጃል። በአረፋው ውስጥ የታሰረው አየር ካሠረው በረዶ የሚያንሰው በዚህ ምክንያት ነው። የጥንቱን አየር የሚመረምሩ ሊቃውንት ይህን ልዩነት ሳያርሙ አንድ እርምጃ አይራመዱም። በአልፕስ ተራሮች ግን ሙቀት ስላለና ቀልጦ የሚሰርገው ውሃ ስለሚረዳ ያው ሥራ እጅግ ባጠረ ጊዜ ይፈጸማል።

እንግዲህ ውሃ ገባ። ከዚህ በኋላ ያለው የንግግሬ ዋና ክፍል ነው።

በፕሮክተር ሙከራ ውሃ የአፈር ረዳት ነው፤ ፍሬዎቹን ያለሰልሳል፣ ሥራው ሲያበቃም ይተንናል ወይም ይወጣል። በከራሚ ውስጥ ግን ውሃው ራሱ ጠጣር ሆኖ ይቀራል። በሙቀቱ ወራት ከላይ የቀለጠው ውሃ ወደ ታች ሰርጎ ቀዝቃዛውን ከራሚ ሲያገኝ ዳግመኛ ይረጋል። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ሲረጋ 334 ኪሎ ጁል ሙቀት ይለቅቃል። የበረዶ የሙቀት አቅም በኪሎ ግራምና በዲግሪ 2.1 ኪሎ ጁል ያህል ስለ ሆነ፣ ይህች አንድ ኪሎ ውሃ 16 ኪሎ ከራሚን በ10 ዲግሪ ታሞቃለች። እንግዲህ አንድ ሜትር ኩብ ከራሚ እንውሰድ፤ እፍግታው 500፣ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ይሁን። በውስጡ ያለው ብርድ የሚያረጋው ውሃ ስንት ነው? 500 በ2.1 በ10 ሲባዛ 10,500፤ ለ334 ሲካፈል 31 ኪሎ ግራም ገደማ። በዚያው ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ግን በግግር ቢሞላ 417 ኪሎ ግራም ይይዛል።

ባልደረቦቼ፣ በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ጉዳዩን ሁሉ ይገልጣል ብዬ አምናለሁ። ጎተራው 417 ይይዛል፤ በአንድ ወቅት የሚቆልፍበት ቁልፍ ግን 31 ብቻ ነው። የቀረው ውሃ በየክረምታቸው ብርዱ እስኪታደስ ድረስ መጠበቅ አለበት፤ ካልጠበቀ ይወርዳል ወይም ወደ ጎን ይሄዳል። ይህን ሳስብ ጎተራው እስኪሞላ ብዙ ዓመት ይፈጃል የሚል ግምት ነበረኝ። እውነቱ ግን ከዚህ የከፋ ነው። ጎተራው ከታች ጀምሮ አይሞላም፤ ከአፉ ነው የሚዘጋው። ውሃው ብርዱን የሚያገኘው ከላይ ባሉት ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ስለ ሆነ የሚረጋውም እዚያው ነው። በመጀመሪያ ቀጫጭን ምላሶች ይሆናል። መቅለጡ ከበረታ ምላሶቹ ይገናኛሉ፣ ይወፍራሉ፤ በመጨረሻም ውሃ የማያሳልፍ ሰፊ የግግር ንጣፍ ይሆናሉ። ከንጣፉ በታች ያለው ከራሚ ገና ባዶ ነው፤ ነገር ግን መግቢያው ተደፍኗል። በጭቃ የተደፈነ የፍሳሽ ማስረጊያ ጉድጓድ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው።

ወደ ድልድዩ ልመለስ። በ2010 በምዕራብ ግሪንላንድ ብርቱ መቅለጥ ሆነ። ያን ጊዜ የቀለጠው ውሃ ከፊሉ በከራሚው ውስጥ ረግቶ ወፍራም የግግር ንብሮች ሠራ። በ2012 ሙቀቱ ዳግመኛ ሲመጣ (በዚያ ጁላይ ውስጥ ከበረዶ ክዳኑ ገጽ 97 በመቶ ገደማ መቅለጡ ከሳተላይት ታይቷል) ከላይ የወረደው ውሃ እነዚያን ንብሮች አገኘ። ሊሰርግ አልቻለም፤ በገጽታው ላይ ፈሰሰ። በዋትሰን ተፋሰስ ላይ የተደረገው ጥናት እንደሚያስረዳው የወንዙ ፍሰት የጨመረበት መጠን መቅለጡ ከጨመረበት መጠን በለጠ። ሁለተኛም ምክንያት አለ። የበረዶ ክዳኑ ጠርዙ ላይ ቀጥ ያለ፣ ወደ መካከሉ ሲሄዱ ግን እንደ ሜዳ የተዘረጋ ነው። ስለዚህ የመቅለጫው መስመር በከፍታ ጥቂት ቢወጣ በስፋት ብዙ መሬት ይጨምራል። ከራሚው ሲዘጋና መስመሩ ሲወጣ ሁለቱ ተረዳድተው ወንዙን አሳበጡት።

ይህ የአንድ ወንዝ ነገር ብቻ አይደለም። በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳመለከተው እነዚህ ንጣፎች ከአንድ ሜትር እስከ 16 ሜትር ውፍረት ያላቸው ሲሆን፣ ከ2001 ወዲህ የበረዶ ክዳኑን ውሃ የሚያፈስስ ስፋት በ26 በመቶ ያህል ጨምረውታል። በካርታ ላይ የተፋሰሱ ወሰን አልተነቃነቀም። ውሃ የሚያዋጣው ክፍል ግን አድጓል።

እዚህ ላይ «ከራሚ ውሃን አርግቶ ያስቀራል፤ ሲዘጋ ይለቅቃል» ብዬ ብጨርስ ነገሩን አለመጠን አቅልዬ እቀርባለሁ። ምክንያቱም በደቡብ ምሥራቅ ግሪንላንድ ሌላ የማይጠበቅ ነገር ተገኝቷል። በኤፕሪል 2011፣ መቅለጡ ገና ሳይጀምር በብርዱ ወራት ማብቂያ፣ አንድ የምርምር ቡድን በከራሚው ውስጥ ቦረቦረ። ከጥቂት ሜትሮች ጥልቀት በኋላ ከመቦርቦሪያው ውስጥ ውሃ ፈሰሰ፤ ያልረጋ ፈሳሽ ውሃ! ሙሉውን የዋልታ ክረምት ሳይረጋ ከርሞ ነበር። በዚያ ክፍል የሚወርደው አመዳይ እጅግ ብዙ ነው። በሙቀቱ ወራት የሰረገው ውሃ ብርዱ ሳያገኘው አዲስ አመዳይ በላዩ ይከመራል፤ አመዳይም ዘጠኝ እጁ አየር ስለ ሆነ እንደ ወፍራም ጋቢ ይከልለዋል። በከራሚው ቀዳዳ ውስጥ ያለው ውሃ ልክ በእኛ አገር አሸዋማ መሬት ውስጥ እንዳለው የከርሰ ምድር ውሃ የራሱ ወለል አለው፣ ወደ ዝቅተኛው ቦታም ቀስ ብሎ ይሄዳል። በ2014 የታተመው ግምት ስፋቱን 70,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ የያዘውን ውሃም 140 ቢሊዮን ቶን ገደማ አድርጎት ነበር፤ ኋላ በራዳር በቀጥታ የታየው ስፋት ወደ 22,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የዚህ ውሃ መድረሻ ወደ ጠርዙ ሲሄድ የሚያገኘው የግግር ስንጥቅ ነው። በዚያ ይገባል፤ ወደ ታችም ይወርዳል።

እንግዲህ ያው አንድ ነገር፣ ከራሚ፣ በአንድ ክፍል ውሃን ወደ ግግር ይለውጣል፤ በሌላው በላዩ አሳልፎ ወደ ወንዝ ይሰድደዋል፤ በሦስተኛው ፈሳሹን እንደያዘ ያከርመዋል። ልዩነቱን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ባዶው ቦታ፣ በውስጡ ያለው ብርድና በላዩ የሚወርደው አመዳይ። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ምንም አያውቅም ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

በዚህ ነገር ውስጥ የሥራ ቦታ የሠሩ የሙያ ወንድሞቻችንም ነበሩ። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶች በ1959 በሰሜን ምዕራብ ግሪንላንድ ካምፕ ሴንቸሪ የተባለውን ሰፈር በከራሚው ውስጥ መቆፈር ጀመሩ። በስዊስ የተሠሩ የበረዶ ማረሻ መኪኖች ረዣዥም ቦይ ይቆርጣሉ፤ ቦዩ በቆርቆሮ ቅስት ይከደናል፤ መኪናው ፈጭቶ የሚተፋው አመዳይ በላዩ ይለበሳል። የተፈጨው አመዳይ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተጣብቆ እንደ ደካማ ኮንክሪት ይጠነክራል። ይህ ቀደም ብዬ የተናገርሁት የፍሬዎች አንገት ማውጣት ነው። በሰፈሩ ውስጥ ከ1960 እስከ 1963 አነስተኛ የአቶም ኃይል ማመንጫ ሳይቀር ሠርቷል። ለመጠጥ ውሃ ሮድሪገስ የተባለ መሐንዲስ የቀየሰውን ጉድጓድ ተጠቀሙ፤ እንፋሎት ወደ ታች ይላካል፣ በረዶው ይቀልጣል፣ ውሃው ይሳባል። በዚህ ጉድጓድ ውስጥ የከራሚና የግግር ልዩነት በግልጥ ይታያል። ገና ከላይ በቀዳዳማው ከራሚ ውስጥ ቢያቀልጡት ውሃው በየቀዳዳው ይጠፋል። ኩሬው የሚቆመው በታች፣ ውሃ የማያሳልፈው ክፍል ሲደረስ ነው። በደቡብ ዋልታ ያለው የአሜሪካ ጣቢያ ዛሬም ውሃውን የሚያገኘው በዚሁ ዘዴ ነው።

ሰፈሩ ግን አልቆየም። ጥንካሬ የሰጠው ያው ባሕርይ ገደለው። ከራሚ መጠቅጠቁን የሚያቆምለት ሰው የለም፤ ጣሪያው ይጎብጣል፣ ግድግዳው ይጠጋል፣ ወለሉ ያብጣል። ወታደሮቹ ያለማቋረጥ ግድግዳውን ሲጠርቡ ኖረው በ1967 ሰፈሩን ለቀቁ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ፤ ይህን ንግግር ለመቀበል የገፋፋኝ እርሱ ነውና። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ የሙሌቱን አፈር የመቆጣጠር ኃላፊነት ተሰጠኝ። የገልባጭ መኪኖቹን ምልልስ ሁለት ሰዎች በመዝገብ ይይዙ ነበር። በወሩ መጨረሻ ምልልሱን በመኪናው የመያዝ አቅም አባዝቼ፣ በመንገዱ ላይ ከተለካው ሙሌት ጋር ሳመሳክር ከአራት እጅ አንዱ ያህል ጎደለ። ወዲያው የታየኝ ስርቆት ነበር፤ ያልመጣ ምልልስ ተመዝግቧል አልሁ። የሁለቱ ሰዎች ደመወዝ እንዲያዝ ደብዳቤ ጻፍሁ። በሥራው ላይ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ አሮጌ ፎርማን ነበሩ፤ ደብዳቤው መሄዱን ሰምተው መጡና፣ «ልጄ፣ አፈሩ የትም አልሄደም፤ የቆምህበት እርሱ ነው» አሉኝ። በመኪና ላይ ያለው አፈር ልቅ ነው፤ በመንገድ ላይ ያለው በሮለር የተጠቀጠቀ ነው። ይህን በአንደኛው የአፈር መካኒክስ ትምህርት ተምሬዋለሁ፤ ፈተናውንም አልፌያለሁ። በሜዳ ላይ ግን ከሜትር ኩብ በቀር ሌላ ነገር ሳልጠይቅ ፈረድሁ። ደብዳቤውን አነሣሁ፤ ከሁለቱ አንደኛው ግን ነገሩ ከብዶት ሥራውን ትቶ ሄዷል። ይቅርታዬ እስከ ዛሬ አልደረሰውም።

የበረዶ ክዳኖችን ከሳተላይት የሚለኩ ሊቃውንት በየዓመቱ ከዚሁ ወጥመድ ፊት ይቆማሉ። በ2010 የተላከው ክራዮሳት ሁለትና በ2018 የተላከው አይስሳት ሁለት የሚለኩት የገጹን ከፍታ ነው። ገጹ አንድ ሜትር ዝቅ አለ እንበል። ግግር ከሆነ የጠፋው በካሬ ሜትር 917 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የረጋ አመዳይ ከሆነ 300 ነው። ከራሚው በራሱ ተጠቅጥቆ ከሆነ ደግሞ የጠፋ ነገር የለም፤ አፈሩ እግራችን ሥር ነው። ነገሩ በተገላቢጦሹም ይሠራል። ሰርጎ የረጋ ውሃ እፍግታውን ከፍ አድርጎ ገጹን ሊያወርደው ሲችል፣ ክብደቱ ግን በዚያው አለ። የሶርገ ሕግ እውነት ቢሆን ኖሮ የእፍግታው መስመር ስለማይለወጥ ይህ ሁሉ ጭንቀት ባልኖረ ነበር። ነገር ግን «ካልተለወጠ» ብያችሁ ነበር፤ ሙቀቱም የሚወርደውም ተለውጧል። ለዚህ ነው ከ2002 እስከ 2017 ግሬስ የተባሉት መንትያ ሳተላይቶች፣ ከ2018 ወዲህም ተተኪዎቻቸው፣ የምድርን ስበት በመለካት ክብደቱን በቀጥታ እንዲመዝኑ የተደረገው። የግሪንላንድ ክዳን ክብደቱን በእርግጥ እያጣ መሆኑን በዚህም መንገድ አረጋግጠዋል። ከፍታን ወደ ክብደት የሚለውጥ ሰው ግን ዛሬም ጉድጓድ ቆፍሮ ከራሚውን የሚመዝን ሰው ያስፈልገዋል፤ ሶርገ በዋሻው ውስጥ እንዳደረገው።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ ለአገራችን ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ከ40 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ በባሌ ተራሮች ላይ የበረዶ ግግር ነበረ፤ በሸለቆዎቹ ውስጥ የተዋቸው የድንጋይ ክምሮች ዛሬም ይታያሉ። ግግር በነበረበት ስፍራ ደግሞ በላዩ ከራሚ መኖሩ ግድ ነው። ከሳኔቲ ሜዳ የሚወርዱት ወንዞች በዚያ ዘመን ፍሰታቸው በእርሱ ይወሰን ነበር ማለት ነው።

ለማጠቃለል ሳይሆን አንድ የሥራ ጥያቄ በፊታችሁ ለማኖር ወደ ዋትሰን ወንዝ ልመለስ። የወንዙ ፍሰት ያለማቋረጥ መለካት የጀመረው በ2006 ነው። እዚያ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ እንደ ወጉ ያለፉትን ዓመታት ፍሰት ሰብስቦ፣ የመቶ ዓመቱን ጎርፍ ይገምታል። ይህ ዘዴ ተፋሰሱ ትናንት እንደ ነበረው ነገም ይኖራል ብሎ ይነሣል። ከ2012 በፊት የተለካው ፍሰት ግን የተለካው ጎተራው ክፍት በነበረበት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ደግሞ ከፊሉ በተዘጋበት ጊዜ ነው። ሁለቱን በአንድ መዝገብ ላይ ማስፈር ልቁን አፈር ከተጠቀጠቀው ጋር መደመር ነው። የተዘጋው እንዲከፈት በንጣፉ ላይ አዲስ ከራሚ መከመር አለበት፤ ይህም ቀዝቃዛ ዓመታት ከቀጠሉ እንኳ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ብሆን የወንዙን መዝገብ ከመግለጤ በፊት ከላይ ያለውን ሜዳ አስቦርቡሬ፣ ንጣፉ የት ድረስ እንደ ወጣና ከላዩ ስንት ሜትር ቀዳዳማ ከራሚ እንደ ቀረ እጠይቅ ነበር። በእኛም ተፋሰሶች፣ ረግረጉ በተነፋበትና ሜዳው በአስፋልት በተከደነበት ሁሉ፣ ከ20 ዓመት በፊት የተለካውን ፍሰት ስንጠቀም የምንጠይቀው ተመሳሳይ ጥያቄ ምን እንደሚሆን ከእናንተ መስማት እወድዳለሁ።